«የሥራ ውል» እና «የስራ ውል»፦ የፊርማ ቴምፕሌቶችን በኤፒአይ ስዘረዝር የደረሰብኝ

እኒያ እናት የፈረሙትን ውል አትመው ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ በአፍ የነገራችሁኝ የሰዓት ክፍያ ሌላ ነው። እዚህ የተጻፈው ደግሞ ሌላ። የቱን ልመን?»

አየሁት። እውነታቸውን ነው። የፈረሙት ከሁለት ዓመት በፊት መጠቀም ያቆምነውን ውል ነው። ክፍያው የድሮ፣ የእረፍት አቆጣጠሩም የድሮ። ስማቸው ግን በትክክል ገብቷል። ፊርማቸው አለበት። ቀኑም ያለፈው ሰኞ ነው።

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ቢሯችን አረጋውያንን ቤታቸው ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን ያሰማራል። ከሠራተኞቻችን አብዛኞቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወረቀቶቻችን በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ይዘጋጃሉ። ሁሉም የሚፈረመው በኤሌክትሮኒክ ነው። ሊንክ ይላካል፣ ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ በጣቱ ይፈርማል፣ አለቀ። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ፣ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ አይደረግም። አገር ቤትም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ። «በስህተት ነው የተላከልዎት» ብለን የምናልፈው ወረቀት አልነበረም።

ውሉን የላከው እኔ የጻፍኩት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ የፈጀብኝን ፍለጋ ላሳጥርለት ብዬ ነው። ኮድ የማይጽፍ የቢሮ ሠራተኛም ቢያነበው ይጠቅመዋል። የችግሩ ግማሽ ኮድ ውስጥ አልነበረምና።

መጀመሪያ ቴምፕሌት ምን እንደሆነ ልበል። ቴምፕሌት ማለት የስም፣ የቀንና የፊርማ ቦታዎቹ አንዴ ተለይተው የተቀመጡለት ፎርም ነው። ማን የትኛው ላይ እንደሚፈርምም ይወሰናል። ለምሳሌ «ሠራተኛ» እዚህ፣ «አሠሪ» እዚያ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ሲላክ ከቴምፕሌቱ አዲስ ሰነድ ይወለዳል። የፊርማ አገልግሎት የሚሰጡት ድርጅቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ቴምፕሌቶቹን በኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሌላውን በሚጠይቅበት በር፣ ለመዘርዘር የሚያስችል መንገድ አላቸው። ፕሮግራምህ «ያሉኝን ቴምፕሌቶች ስጠኝ» ይላል፣ ዝርዝሩ ጄሰን በሚባለው፣ ፕሮግራሞች በሚያነቡት የጽሑፍ ቅርጽ ይመጣል።

የእኔ ፕሮግራም ሁለት ነገር ያደርግ ነበር። አንደኛ፣ ቴምፕሌቶቹን ዘርዝሮ ለቢሮ ሠራተኞች መምረጫ ያቀርብላቸዋል። ሁለተኛ፣ አዲስ ሰው ሲቀጠር «የስራ ውል» ብሎ በስም ይፈልግና መጀመሪያ የመጣውን ይልካል።

«መጀመሪያ የመጣውን» የምትለዋን ልብ በሉ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

እናትየው እንደሄዱ ፖስትማንን፣ የኤፒአይ ጥሪ በእጅ መሞከሪያውን፣ ከፈትኩ። የመዘርዘሪያውን ጥሪ ራቁቱን፣ ያለምንም ማጣሪያ ላክሁት። 10 ቴምፕሌት መጣ። የአገልግሎቱን ድረ ገጽ ከፍቼ በእጄ ቆጠርኩ። 143 ነው።

ጥፋቱ የአገልግሎቱ አይደለም። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ስንት እንደምትፈልግ ካልነገርከው በራሱ 10 ብቻ ይመልሳል። እኔ ፕሮግራሙን የጻፍኩት ቴምፕሌቶቻችን 7 በነበሩበት ጊዜ ነው። 7ቱም መጡ፣ ደስ አለኝ፣ ተውኩት። ቴምፕሌቶቹ 11 የሆኑበት ቀን አንዱ ከመምረጫው ጠፋ። ማንም ስህተት የሚል መልእክት አላየም። ቀዩ መብራት አልበራም። ዝርዝሩ ሙሉ መስሎ ይታያል።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ እህቴ ናት። እህቴ የምላት በፍቅር ነው፤ የቅጥር ክፍሉን የምትይዘው እሷ ናት።

«ፎርም ፈልጌ ሳጣ ተሰርዟል ብዬ አስባለሁ» አለችኝ። «ስለዚህ ከኮምፒውተሬ ላይ ያለውን አነሳና እንደገና እጭነዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ እንዲህ አደረግሽ?»

«እኔ ብቻ? ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

ነገሩ ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተፈታልኝ። ዝርዝሩ ስለተቆረጠ ሰው «ጠፋ» ይላል። ጠፋ ስላለ ደግሞ ይጭናል። የሚጭነው ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ነው፤ አሮጌም ይሁን አዲስ። አዲስ የተጫነው ደግሞ ሌላ አንዱን ከዝርዝሩ ገፍቶ ያወጣዋል። ያኛውንም ሌላ ሰው «ጠፋ» ብሎ ይጭነዋል። በዚህ ሁኔታ 143 ደረስን። ስናጣራው በእውነት የምንሠራባቸው 61 ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ማንኛውንም የዝርዝር ጥሪ ስትጽፉ በመጀመሪያ «ይህ ሁሉም ነው ወይስ የመጀመሪያው ገጽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከአገልግሎት አገልግሎት ይለያያል። ክፍት ምንጭ የሆነውና በራስ ሰርቨር ላይ ሊጫን የሚችለው ዶኩሲል ካልነገሩት 10 ይመልሳል፤ ከፍተኛው 100 ነው። ቀድሞ ሄሎሳይን ይባል የነበረው ድሮፕቦክስ ሳይን ካልነገሩት 20 ይመልሳል፤ የእሱም ጣሪያ 100 ነው። አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በዚህ ይሰናከላል።

ቀጣዩን ገጽ የመጠየቂያው መንገድም አንድ ዓይነት አይደለም። ድሮፕቦክስ ሳይን በገጽ ቁጥር ነው፤ ገጽ 1፣ ገጽ 2 እያልክ ትሄዳለህ። ምላሹ ውስጥ ጠቅላላ ስንት ገጽና ስንት ውጤት እንዳለ ይነግርሃል። ሌላው የፊርማ አገልግሎት ዶኩሳይን ላይ ደግሞ ከስንተኛው እንዲጀምር ትነግረዋለህ፤ እሱም የዚህን ገጽ ብዛትና ጠቅላላውን ብዛት ለየብቻ ይመልሳል፣ የሚቀጥለውን አድራሻም ይሰጥሃል። ዶኩሲል ደግሞ በምላሹ መጨረሻ ላይ የቀጣዩን መነሻ መለያ ቁጥር ይሰጥሃል፤ እሱን «ከዚህ በኋላ» ብለህ መልሰህ ትልካለህ። ባዶ እስኪመጣ ድረስ ትቀጥላለህ።

እኔ የመጨረሻውን ዓይነት እመርጣለሁ። በገጽ ቁጥር ስትሄድ ገጽ 1ን ጨርሰህ ገጽ 2ን ከመጠየቅህ በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ቢሰርዝ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ወደ ፊት ይጠጋል። ገጽ 2 ላይ መጀመሪያ የነበረው ወደ ገጽ 1 ይገባል። አንተ ግን ገጽ 1ን አልፈሃል። ያ ቴምፕሌት ሳታየው ያመልጥሃል። መነሻው መለያ ቁጥር ሲሆን ይህ አይደርስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ሰብስበህ ስትጨርስ የሰበሰብከውን ቁጠርና አገልግሎቱ ጠቅላላ ብሎ ከሰጠህ ቁጥር ጋር አስተያየው። ካልተስተካከሉ ፕሮግራሙ ይቁም። የእኔ አሁን እንደዚያ ያደርጋል። ጎደሎ ዝርዝር ከማሳየት ምንም አለማሳየት ይሻላል። ባዶ ስክሪን ሲያይ ሰው ደውሎ ይጠይቃል። ጎደሎ ዝርዝር ሲያይ ግን አዲስ ይጭናል።

ቆጠራው ተስተካከለ። ግን የእናትየው ነገር ገና አልተፈታም። ፕሮግራሙ ውላቸውን ያገኘው በስም ፈልጎ ነው እንጂ ከዝርዝሩ አይደለም። ታዲያ አዲሱ ውል ለምን አልመጣም?

አዲሱን ውል ድረ ገጹ ላይ አየሁት። አለ። ስሙም «የሥራ ውል» ይላል። ፕሮግራሜ የሚፈልገው «የስራ ውል» ነው። ለሁለት ደቂቃ ያህል ሁለቱን እያየሁ ልዩነቱ አልታየኝም። ዓይኔ ያነበበው ድምፁን ነው። ከዚያ ታየኝ፦ ሥ እና ስ።

አዲሱን ውል ያዘጋጁት አለቃችን ናቸው። ጋሼ አገር ቤት መምህር ነበሩ፤ ፊደል አያበላሹም። ሥራ በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ ያውቃሉ፣ እንደዚያው ጻፉት። አሮጌውን ደግሞ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ በእሳቱ ሰ። ለሰው ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ለኮምፒውተር ግን በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የፍለጋው ማጣሪያ «የስራ ውል» ሲባል በሰ የተጻፉትን አሮጌዎች ብቻ አመጣ። ፕሮግራሜም መጀመሪያ የመጣውን ወስዶ ላከ።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። በእነዚህ ላይ ሀና ሃ፣ አና ኣ ስንናገር አንድ ናቸው። «ዓመታዊ ፈቃድ» ተብሎ የተቀመጠ ፎርም «አመታዊ ፈቃድ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። «የሕክምና መረጃ ፈቃድ» የሚለው ስማችን በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። «መሥሪያ ቤት» እና «መ/ቤት»ም እንደዚያው። ከወርድ ተቀድቶ ሲመጣ ደግሞ በቃላት መካከል ሁለት ክፍት ቦታ ይገባል፤ እሱም ፍለጋውን ያከሽፋል። አንዳንዱ በሁለት ነጥብ ይለያል፣ አንዳንዱ በባዶ ቦታ።

ፈጣኑ መፍትሔ «ሁላችንም በሰ እንጻፍ» ማለት ነበር። አንድ ሰው በስብሰባ ላይ እንዲህ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አልተስማማሁም። ኮምፒውተር እንዲመቸው ብለን ጋሼን ፊደል እንዲያበላሹ አንጠይቃቸውም። ሰው በትክክል ይጻፍ፤ የማመሳሰሉን ሥራ ማሽኑ ይሥራው።

ያደረግሁት ይህ ነው። በስም የማጣራቱን ሥራ ከአገልግሎቱ ወሰድኩት። መጀመሪያ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አመጣለሁ፤ 61 ቴምፕሌት ነው፣ ምንም አይከብድም። ከዚያ እኔው ጋር ለእያንዳንዱ ስም አንድ የተደበቀ ቅጂ እሠራለታለሁ። በዚያ ቅጂ ላይ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ በሰባቱም የፊደል ዘር። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ። ድርብ ክፍት ቦታና ሁለት ነጥብ ወደ አንድ ክፍት ቦታ ይመለሳል። ሰው የሚጽፈው የፍለጋ ቃልም በዚሁ ወንፊት ያልፋል። ንጽጽሩ የሚደረገው በተደበቁት ቅጂዎች መካከል ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ጋሼ እንደጻፉት ነው።

ሺዎች ቴምፕሌት ላለው ይህ ላይመች ይችላል። ለእኛ ዓይነት ቢሮ ግን ከምንም በላይ የሚያስተማምን መንገድ ነው። ዝርዝሩን በየጥሪው አላመጣውም። ለ15 ደቂቃ አስቀምጬ ከዚያ አድሰዋለሁ። አገልግሎቶቹ በሰዓት ወይም በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትጠራቸው ይገድባሉ፤ ስታልፍ 429 የሚል ቁጥር ይመልሱልሃል። 429 ሲመጣ ወዲያው ደጋግሞ መጥራት ነገሩን ያባብሰዋል። ትንሽ ጠብቆ መሞከር ነው።

በአገልግሎቱ ፍለጋ መጠቀም ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የግዕዝ ፊደል በጥሪው የድር አድራሻ ውስጥ በእጅ አትለጥፉ። አንዱ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ 3 ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። የፕሮግራም ቋንቋችሁ ራሱ ፓራሜትሩን፣ ከጥሪው ጋር የሚላከውን ዋጋ፣ እንዲያሰናዳው ተዉለት። እኔ በእጄ ለጥፌ፣ ውጤት የለም ሲለኝ ቴምፕሌቱ የለም ብዬ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ።

ከስም ሌላ ያሉትን ማጣሪያዎች ልንገራችሁ። በጣም የጠቀመን ፎልደር ነው። ሦስት ፎልደር ለሦስቱ ቋንቋ። ዶኩሲልም ዶኩሳይንም፣ ሌላው የሰነድ አገልግሎት ፓንዳዶክም በፎልደር ያጣራሉ። ፓንዳዶክ በታግም፣ ማለትም በተለጠፈ ምልክት ቃል፣ ያጣራል። ሁለተኛው አርካይቭ ነው። አሮጌውን ቴምፕሌት አርካይቭ ስታደርገው ከተለመደው ዝርዝር ይወጣል፤ ከእሱ ተወልደው የተፈረሙት ሰነዶች ግን ባሉበት ይቆያሉ። እኛ 82ቱን ትርፍ ቴምፕሌቶች አንድም አልሰረዝንም። አርካይቭ ነው ያደረግናቸው። ነገ አንድ ሠራተኛ «ያኔ የፈረምኩት ከየትኛው ፎርም ነው?» ቢል ማሳየት እንድንችል ነው።

የቀን ማጣሪያ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰርቨሮቹ ሰዓት የሚመዘግቡት በአብዛኛው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ እንደ ወቅቱ ከዚያ በ4 ወይም በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ዛሬ ማታ ያሻሻልነው ቴምፕሌት በነገው ቀን ተመዝግቦ ይገኛል። «ዛሬ የተሻሻሉትን አምጣ» ሲባል አይመጣም።

ፕሮግራሙ ወደ አገልግሎቱ የሚገባበት የኤፒአይ ቁልፍ የማን እንደሆነም እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዝርዝሩ የሚመጣው ለቁልፉ ባለቤት የሚታየው ያህል ነው። ዶኩሳይን ላይ የእኔ የሆኑት፣ ሌላ ሰው ያጋራኝ፣ ወይም ሁሉም የሚል ማጣሪያ አለ። በእኔ ቁልፍ የመጣው ዝርዝርና በእህቴ ቁልፍ የሚመጣው ዝርዝር አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለፕሮግራሙ ራሱን የቻለ የቢሮ ተጠቃሚ ክፈቱለት። ሠራተኛ ሲለቅ ፕሮግራሙ አብሮ እንዳይታወር። ቁልፉን ደግሞ ኤክሴል ውስጥ ወይም ቴሌግራም ላይ አታስቀምጡ። ያን ቁልፍ የያዘ ሰው የሌላውን የግል ሰነድ ማየት ይችላል። እኛ ጋ ያሉት ሰነዶች የአረጋውያን የሕክምና ወረቀቶች ናቸው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ኤፒአይ የማያውቀውን ፓራሜትር ዝም ብሎ ያልፈዋል። የማጣሪያውን ስም አንድ ፊደል አሳስቼ ጽፌው ነበር። ስህተት አላለኝም። ማጣሪያው እንደሌለ ቆጥሮ ሁሉንም ላከልኝ። የመጀመሪያዎቹ አምስት በአጋጣሚ የአማርኛ ስለነበሩ ሠራ ብዬ አመንኩ። አሁን ማጣሪያ ባስገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማይረባ ነገር እሰጠዋለሁ፦ የሌለ ፎልደር ስም። ምላሹ ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነ ማጣሪያው አልሠራም ማለት ነው።

ስም ግን ስም ነው። በ«ሰ» ተጻፈ በ«ሠ»፣ ሰው ሊለውጠው ይችላል። «የሥራ ውል አዲሱ»፣ «የሥራ ውል የመጨረሻ»፣ «የሥራ ውል የመጨረሻ 2» የሚሉ አግኝቻለሁ። ስለዚህ መላኪያውን ከስም ሙሉ በሙሉ አላቀቅኩት።

አንዳንድ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ቴምፕሌት የራስህን መለያ እንድትሰጠው ይፈቅድልሃል። ዶኩሲል ውስጥ ኤክስተርናል አይዲ ይባላል፤ በእሱ ማጣራትም ይቻላል። እኛ ለእያንዳንዱ ቴምፕሌት አጭር ኮድ ሰጠን። ኮዱ የሰነዱን ዓይነት፣ ቋንቋውንና ስንተኛ እትም እንደሆነ ይናገራል። በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ነው ያደረግነው፤ የሰና የሠ ጣጣ ተመልሶ እንዳይመጣ። ፕሮግራሙ አሁን በስም ፈልጎ አይልክም። በኮድ ይጠይቃል፤ በትክክል አንድ ካልመጣ አይልክም። ዜሮም ቢመጣ፣ ሁለትም ቢመጣ ቆሞ ሰው ይጠራል። ያቺ «መጀመሪያ የመጣውን» የምትል መስመር ከኮዱ ወጥታለች።

ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ደግሞ ያያል፤ ቴምፕሌቱ ውስጥ ያሉት ፈራሚዎች የሚጠበቁት መሆናቸውን። «ሠራተኛ» እና «አሠሪ» ካልሆኑ ይቆማል። አንድ ጊዜ ሰው ቴምፕሌቱን ሲያድስ ሁለቱን አቀያይሯቸው ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ቢሮው የኤአይ ረዳት ፈለገ። እህቴ በቻት ላይ «ለአዲሷ ሠራተኛ የአማርኛውን የሥራ ውል አውጣልኝ» ብላ ብትጽፍ፣ ረዳቱ ራሱ ዝርዝሩን ጠርቶ እንዲያገኝላት። ሠራሁት። ግን ያ የእናትየው ውል ነገር ከፊቴ ስላልጠፋ በጣም ተጠንቅቄ ነው።

መዘርዘሪያውንና መላኪያውን ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አደረግኳቸው። ረዳቱ መዘርዘሪያውን እንደፈለገ ይጠራል። መላኪያውን የሚጫነው ሰው ነው። ቋንቋ የሚለው ፓራሜትር ሦስት ምርጫ ብቻ አለው፤ የሰነድ ዓይነቱም ከተወሰነ ዝርዝር ነው። ነጻ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ረዳቱ ቃል ፈጥሮ እንዳይፈልግ።

የሚመለስለትንም ቀነስኩት። ከኤፒአዩ የሚመጣው ምላሽ እያንዳንዱ የፊርማ ሣጥን በየትኛው ገጽ ምን ላይ እንደተቀመጠ ሳይቀር ይዘረዝራል። ረዳቱ ይህን ሁሉ አይፈልገውም። ስም፣ ኮድ፣ ቋንቋ፣ ፈራሚዎችና የታደሰበት ቀን። በቃ። ከእነዚህ ጋር ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አብሮ ይሄዳል፦ «ከ61 ውስጥ 3»። ያ ቁጥር ሳይኖር በፊት ረዳቱ ያየውን ሦስት «ያሉት እነዚህ ናቸው» ብሎ ይነግራት ነበር። እኔም ራሴ የተሳሳትኩት በዚሁ ነበርና አልፈረድኩበትም። መረጃው ጎደሎ ከሆነ መልሱም ጎደሎ ነው። ባዶ ሲመጣ ደግሞ «አልተገኘም» እንዲል እንጂ የሚቀርበውን መርጦ እንዳያቀርብ በመሣሪያው መግለጫ ላይ በግልጽ ጻፍኩለት።

አንድ ስህተት ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ሠርቻለሁ። የፊደል ማመሳሰያውን በትግርኛ ቴምፕሌቶችም ላይ አስኬድኩት። አብሮን የሚሠራ የመቐለ ልጅ አየና ጠራኝ።

«ስማ፣ እኛ ጋ እኮ ሐ እና ሀ አንድ አይደሉም» አለኝ። «ዐ እና አም አንድ አይደሉም። ስንናገራቸው ይለያያሉ። ቃሉ ይለወጣል።»

ልክ ነው። አማርኛ ውስጥ ድምፃቸው የጠፋው ፊደሎች ትግርኛ ውስጥ በሕይወት አሉ። እኔ የአማርኛን ጆሮ ለሌላ ቋንቋ አውሼ ነበር። በዚያው ቀን ማመሳሰያውን በቋንቋ ከፈልኩት። የአማርኛ ፎልደር የራሱ ሠንጠረዥ አለው። የትግርኛውን ሠንጠረዥ ያዘጋጀልኝ እሱ ነው፤ ሠና ሰን፣ ጸና ፀን አገናኘ፣ ሌሎቹን ተዋቸው። የትግርኛ ተናጋሪ ባለበት ቢሮ የምትሠሩ ይህን ከመጀመሪያው አስቡበት።

የእናትየው ውል በዚያው ሳምንት ተስተካከለ። አሮጌው ተሽሮ አዲሱ ተላከላቸው። የሠሩባቸው ቀናት ልዩነትም ተከፈላቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ እያንዳንዱን መስመር አብረን አነበብን። «እንዲህ አድርጋችሁ ብታስነብቡን ኖሮ» አሉኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አሁን አንድ ሰው አብሮት ተቀምጦ ያነባል።

ኮዱን ደግሞ በእያንዳንዱ ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ አሳተምነው። የወቅቱን እትም ቁጥር ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፣ ለሠራተኞችም በቴክስት ልከናል። በቀደም እናትየው የዓመታዊ ፈቃድ ፎርም ደርሷቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ከታች 03 ይላል። የአሁኑ እሱ ነው?»

ዝርዝሩን ከፈትኩ። 61 ከ61። አየሁላቸው።

«አዎ፣ እሱ ነው። ይፈርሙ።»